መጽናኛ ሲጮኽ

ለምግብ ሲሆን እንጠይቃለን። እንግዳ ወደ ቤታችን በመጣ ጊዜ፣ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት «ጾመኛ ነዎት? በርበሬ ይስማማዎታል?» ማለት የጨዋ ልማድ ነው። እንግዳውም «በርበሬስ ጨጓራዬን ያመኛል» ቢል ቀበጠ የሚለው የለም፤ አልጫው ይቀርብለታል። ለድምፅ ሲሆን ግን ይህን ጨዋነት አልለመድነውም። ሙዚቃ ከፍተን፣ ድምፁንም ከፍ አድርገን፣ «ይህስ ይስማማዎታል?» ብለን የጠየቅን ስንት ነን? ጆሮውን በመዳፉ የሸፈነ ሰው ስናይ ወይ እንስቅበታለን፣ ወይ «ምን ይንቀባረራል!» እንላለን፤ ደግ የሆንን እንደሆነ ደግሞ ሙዚቃውን ጨርሰን እናጠፋዋለን። ሦስቱም ውጤታቸው አንድ ነው። ሦስቱም ያን ሰው ከማዕዱ ያስነሡታል።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ዘፈን ነው። ዘፈኑ የእንግሊዞቹ የኮልድፕሌይ «ፊክስ ዩ» ነው፤ ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ልጠግንሽ» እንደማለት ይሆናል። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ ይህ ዘፈን ለድምፅ ስሱ ለሆነ አድማጭ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ጥያቄው የአንድ ቃል መልስ የሚበቃው ይመስላል፤ ነገር ግን አይበቃውም። ዘፈኑ የተዘፈነው ሰውን ለማጽናናት ነው፤ የሚያጽናናውም በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ በመጮኽ ነው። እንግዲህ ሊያጽናና የመጣው ነገር ራሱ የሚያም ሲሆን፣ የሚያመውን ሰው ምን እንበለው? «ይቅርብህ» እንበለው? ወይስ «ቻለው»? እኔ ሁለቱንም አልልም፤ ምክንያቴን ግን ቀስ ብዬ ላስረዳ።

* * *

አስቀድመን «ስሱ» የምንለው ማን እንደሆነ እንለይ፤ ስሕተታችን የሚጀምረው ሁሉን በአንድ ከረጢት ከመክተት ነውና።

ሐኪሞች ሃይፐራኩሲስ የሚሉት ሕመም ያለበት ሰው አለ። ሌላው ሰው ልብ የማይለው የዘወትር ድምፅ፣ የሳሕንና የሹካ ኳኳታ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የልጅ ሳቅ፣ ለዚህ ሰው ከልክ በላይ ገኖ ይሰማዋል፤ ሲብስም እንደ መርፌ ይወጋዋል። ጆሮው ከእኛ ይልቅ ረቂቅ ነገር የሚሰማ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም የመስማት ኀይሉ የደከመ ሊሆን ይችላል። የተዛባው የድምፅን መጠን የሚመዝንበት ሚዛን ነው።

ሚሶፎኒያ ያለበት ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ጥላቻና ድምፅ የሚሉትን የግሪክኛ ቃላት አጋጥመው ስሙን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡለት ማርጋሬት እና ፓዌል ጃስትሬቦፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በዚህ ሰው ላይ ቁጣንና ጭንቀትን የሚቀሰቅሰው ብዙውን ጊዜ ታላቅ ድምፅ ሳይሆን ትንሽ ድምፅ ነው፦ የሚያላምጥ አፍ፣ የሚተነፍስ አፍንጫ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል እስክሪብቶ። ነጎድጓድ አያስደነግጠው ይሆናል፤ የጎረቤቱ ማላመጥ ግን ከክፍሉ ያስወጣዋል።

ማይግሬን የሚነሣበት ሰው አለ። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ብርሃንም ድምፅም ጠላቶቹ ናቸው፤ ይህም ሐኪሞች ማይግሬንን ከሌላው ራስ ምታት ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ሕመሙ ያለፈለት ዕለት ግን ያው ሰው ከእኛ ጋር ይዘፍናል። ስለዚህ «አንተ እኮ ትናንት ትወደው ነበር» ብሎ መሟገት ከንቱ ነው።

ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች መካከልም ድምፅ የሚያስጨንቃቸው ብዙዎች ናቸው። ለብዙዎቻቸው የሚከብደው የአንዱ ድምፅ ጉልበት ሳይሆን የድምፆች መደራረብ ነው። እኛ በግርግር መካከል የምንፈልገውን ድምፅ መርጠን የቀረውን ወደ ኋላ እንገፋዋለን፤ እነርሱ ዘንድ ግን ሁሉም ድምፅ እኩል የፊት ወንበር ይዞ ይቀመጣል።

በመጨረሻም ከጦር ሜዳ፣ ከፍንዳታ፣ ከአደጋ የተረፈ ሰው አለ፤ የሀገራችን አንባቢ እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ይህ ሰው የሚፈራው ድንገት የመጣን ድምፅ ነው። በር ሲላተም ከመቀመጫው ይዘልላል፤ ልቡም ወደ ቦታዋ ለመመለስ ጊዜ ይፈጅባታል።

እንግዲህ አምስቱን ሰዎች ጎን ለጎን ብናቆማቸው፣ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ሊሆን እንደሚችል እናያለን። ስለዚህ አንድን ዘፈን «ለስስ ጆሮ ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ብለን በደፈናው መፍረድ አንችልም። ልንጠይቀው የምንችለው አራት ነገር ነው፦ ምን ያህል ይጮኻል? ጩኸቱ በድንገት ነው ወይስ እያስታወቀ? ስንት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይደራረባል? ደግሞስ ጸጥ ባለበት ቦታ ምን ዓይነት ጥቃቅን ድምፆች አሉበት?

* * *

ዘፈኑ የተወለደው ከሐዘን ቤት ነው። የፊልምና የቴሌቪዥን ሰው የነበረው ብሩስ ፓልትሮው እ.ኤ.አ. በ2002 ሞተ። ልጁ ተዋናይዋ ግዊኔት ፓልትሮው ናት፤ በኋላ ባሏ የሆነው የኮልድፕሌይ ድምፃዊ ክሪስ ማርቲን ነው። ማርቲን እንደተናገረው፣ ሟቹ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ትልቅ ኪቦርድ ገዝቶ ነበር፤ ማንም ግን ከኤሌክትሪክ አገናኝቶት አያውቅም ነበር። ማርቲን ሶኬቱን ሰክቶ ቢነካው ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ወጣ፤ ዘፈኖችም ከዚያ ድምፅ ተከታትለው መጡ። «ፊክስ ዩ» ለልጅቱ ሐዘን የተዘፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ኤክስ ኤንድ ዋይ» በተባለው ሦስተኛ አልበማቸው ወጣ፤ ርዝመቱም አምስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንዶች የቀሩት ነው።

ሲጀምር ኦርጋን ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመስል፣ ረጅምና ለስላሳ ድምፅ። በላዩ ላይ የማርቲን ድምፅ ይመጣል፤ ለአድማጩ ቀርቦ፣ አልፎ አልፎም ወደ ቀጭኑ የፋልሴቶ ድምፅ እየወጣ። ቀጥሎ አኩስቲክ ጊታርና ፒያኖ በቀስታ ይገባሉ። እስከዚህ ድረስ ዘፈኑ በሐዘንተኛ አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ብዙም እንደማይናገር ወዳጅ ነው። ወደ እኩሌታው ገደማ ግን የጆኒ ባክላንድ ኤሌክትሪክ ጊታር አንድ ሐረግ ይጀምራል፤ እየደጋገመም ያስተጋባዋል። ጥቂት ቆይቶ የዊል ቻምፒየን ድራምና የጋይ ቤሪማን ቤዝ ጊታር ተከታትለው ይወርዳሉ፤ ሲምባሉ ይንጫጫል፤ አራቱም ሰዎች በአንድነት ይዘፍናሉ። ክፍሉ የሞላ ይመስላል። ከዚያም ማዕበሉ እንደመጣ ይመለስና ዘፈኑ በጀመረበት ጸጥታ ያበቃል።

ለቅሶ ቤት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ቅርጽ ለመረዳት የሙዚቃ ትምህርት አያሻውም። እኛም ዘንድ ሐዘን መጀመሪያ ዝም ይላል፤ አልቃሽዋ ግጥሟን ዝቅ ባለ ድምፅ ትጀምራለች፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ በአንድነት ይነሣል፤ ከጩኸቱም በኋላ «ወጣልኝ» የሚባል ዕረፍት ይመጣል። የ«ፊክስ ዩ» ጩኸት እንግዲህ የተጨመረ ጌጥ አይደለም። ያ ጩኸት ባይኖር መጀመሪያው የቆመበትን ያጣል፤ መጨረሻውም ዕረፍት መሆኑ ይቀራል። ነገር ግን አባቶቻችን «እዬዬም ሲዳላ ነው» ብለዋል። ጮኾ ማልቀስ የሚያሳርፈው ጩኸቱን ሊሸከም የሚችል ጆሮ ላለው ሰው ነው። ጆሮው የማይችልለት ሰውስ በምን ይጽናና? የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት ይህ ነው።

* * *

አሁን ዘፈኑን በአራቱ ጥያቄዎች እንመዝነው።

ስለ ጉልበቱ። አንድ የተቀረጸ ዘፈን የራሱ የሆነ ዴሲቤል የለውም፤ ዴሲቤሉን የሚሰጠው የአድማጩ እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት ደረጃ መሠረት፣ ለዐዋቂ ሰው የማዳመጫ መሣሪያ ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለሕፃናት ደግሞ በ75 ዴሲቤል ነው። ይህ ልክ የተሠራው ጆሮ እንዳይጎዳ ነው፤ ሃይፐራኩሲስ ያለበት ሰው ከዚህ እጅግ ባነሰ ድምፅ ሊያመው ይችላል። የ«ፊክስ ዩ» ወጥመድ ግን ከጩኸቱ ይልቅ በጸጥታው ውስጥ ነው። አድማጩ ኦርጋኑን አጥርቶ ለመስማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ለሹክሹክታው ብሎ የመረጠው ልክ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ለድራሙም ይሠራል። ዛሬ ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰሙ አገልግሎቶች የዘፈኖችን ድምፅ የሚያስተካክሉበት ዘዴ አላቸው፤ እርሱ ግን አንዱን ዘፈን ከሌላው ዘፈን ጋር ያቀራርባል እንጂ በአንዱ ዘፈን ውስጥ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት አይደለድልም። ስለዚህ በዚህ ረገድ ፍርዴ፣ ድምፁ በመጀመሪያው ልክ ከተመረጠ ዘፈኑ ለስስ ጆሮ አይሆንም፤ በመካከሉ ልክ ከተመረጠ ግን ለብዙዎች ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

ስለ ድንገተኛነቱ። በዚህ ዘፈኑ ይመሰገናል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን የኒርቫናን «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» ያስታውሷል፤ እዚያ ጸጥታና ጩኸት እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ይፈራረቃሉ። የኩዊን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» (1975) ደግሞ ከዝግታ ወደ ኦፔራ፣ ከኦፔራ ወደ ኀይለኛ ሮክ በየጊዜው ይዘላል። «ፊክስ ዩ» ግን በር ሳያንኳኳ አይገባም። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ከድራሙ ቀድሞ ይመጣል፤ ያን ሐረግ የሰማ ሰው «አሁን ሊነሣ ነው» ብሎ እጁን ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው ለመስደድ ጥቂት ሰከንዶች አሉት። ጥቂት ሰከንድ ለደነገጠ ሰው ብዙ ነው።

ይህን ስጽፍ የማንችስተር ነገር ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2017 በዚያች ከተማ ከሙዚቃ ድግስ በመውጣት ላይ በነበሩ ሰዎች መካከል ቦምብ ፈንድቶ 22 ሰዎች ሞቱ። በጁን 4 ለተጎጂዎች መርጃ በተዘጋጀው ታላቅ ድግስ ላይ ኮልድፕሌይ ይህንኑ ዘፈን ተጫወቱ፤ በፍንዳታው ዕለት ድግስ ላይ ለነበሩት ታዳሚዎችም ነፃ መግቢያ ቀርቦላቸው ነበር። የድንገት ድምፅ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሕዝብ፣ ከጸጥታ ተነሥቶ የሚያድግ ዘፈን መዝፈን ድፍረት ነው። ግን መነሣቱን አስቀድሞ የሚናገር ዘፈን ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት፣ ድፍረቱ ጭካኔ አልሆነም።

ስለ መደራረቡ። እዚህ ላይ ዘፈኑ ክፉኛ ይወድቃል። በጫፉ ላይ የሚያስተጋባ ጊታር፣ ሲምባል፣ ቤዝ፣ ኦርጋንና የአራት ሰዎች ድምፅ በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። የሚያስተጋባ ጊታርና ሲምባል ድምፃቸው ተቆርጦ አይቀርም፤ የአንዱ ጭራ በሌላው ራስ ላይ ይተኛል። ድምፆችን ለይቶ መግፋት ለማይሆንለት ሰው ይህ ሰዓት የተጨናነቀ አዳራሽ ነው፤ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ያቀልለታል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። ከመድረክ የተቀረጹት ቅጂዎች ደግሞ ይብሳሉ፤ በእነርሱ ውስጥ የሕዝቡ ፉጨትና ጭብጨባ አለ፤ እርሱም ማንንም ሳያስጠነቅቅ በፈለገው ሰዓት ይመጣል።

ስለ ጥቃቅኑ ድምፅ። ብዙ ሰው «የመጀመሪያው ግማሽ ለስሱ ጆሮ ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ሚሶፎኒያ ላለበት ሰው ግን አደጋው እዚያው ጸጥታ ውስጥ ሊሆን ይችላል፦ ለማይክሮፎን የቀረበ አፍ፣ ከስንኝ በፊት የሚሳብ ትንፋሽ፣ ቀጭን ድምፅ ሲሰበር የሚሰማ መንቀጥቀጥ። ሁለተኛው ግማሽ እነዚህን ሁሉ ስለሚሸፍናቸው፣ ለዚህ ሰው ጩኸቱ ዕረፍቱ ሊሆን ይችላል። አንዱ የሚሸሽበት ክፍል ለሌላው መጠለያው ነው ማለት ነው።

* * *

«እንግዲያው ጸጥ ያለ ቅጂ ይፈለግላቸው» የሚል አለ። አለ፤ ያውም ግሩም ቅጂ። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኖርዝሃምፕተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመ «ያንግ አት ሃርት» የሚባል የአረጋውያን መዘምራን ቡድን አለ። በ2007 ስለ ቡድኑ በተሠራው ዘጋቢ ፊልም ላይ ፍሬድ ኒትል የተባሉ አዛውንት «ፊክስ ዩ»ን ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ከቦብ ሳልቪኒ ጋር በሁለት ድምፅ እንዲዘፈን ታስቦ ነበር፤ ሳልቪኒ ግን ድግሱ ሳይደርስ ሞቱ። ኒትል ልባቸው የደከመ ነበርና ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የኦክስጅን ቱቦ ባፍንጫቸው አድርገው ብቻቸውን ዘፈኑት። የማርቲን ድምፅ ቀጭን ሲሆን የእርሳቸው ከደረት የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ጩኸቱም እንደ ዋናው ቅጂ አይወርድም። የዘፈኑ ሐዘን በዚህ ቅጂ ውስጥ የበለጠ እንጂ ያነሰ አይደለም። አንድ ሰው ለሞተ ባልደረባው፣ በሕመሙ ላይ ሆኖ፣ «ልጠግንህ» ሲል መስማት ከድራም ሁሉ ይከብዳል።

ጩኸት ለሚያመው ሰው ይህን ቅጂ ያለ ማመንታት እመርጥለታለሁ። ግን በቅጂው ውስጥ የኦክስጅኑ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ይሰማል፤ ለብዙዎቻችን ይህ ትንፋሽ የዘፈኑ ልብ ትርታ ነው፤ ትንፋሽ መስማት ለሚያንገበግበው ሰው ግን ዋናው ቅጂ ይሻለዋል። ስለዚህ «ጸጥ ያለ» እና «የሚስማማ» አንድ ቃል አይደሉም። ይህን የማያውቅ ደግነት ሰውን በደግነቱ ይጎዳል።

* * *

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚያነሡት ተቃውሞ ይመጣል፤ ተቃውሞው ክብደት ስላለው አልዘልለውም። «አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ኪነትን ይገድላል። ዘፈኑ ይነሣል ብለህ ከነገርኸኝ፣ ሲነሣ ምኑ ይነካኛል?» ይላሉ።

መልሴ ከራሳችን መደርደሪያ ላይ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቅ ልቦለድ ርእሱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው የመጽሐፉን መጨረሻ በሽፋኑ ላይ ጽፈውልናል። አንባቢው የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ ይህ ፍቅር ወደ መቃብር እንደሚሄድ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ከለቅሶው አላዳነውም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሬዲዮኑን ከብቦ የተቀመጠው አድማጭም፣ መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰው እንኳ፣ ደግሞ አዘነ። ከሙዚቃም ወገን፣ ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1792 ለንደን ላይ ያሰማው 94ኛው ሲምፎኒ «ድንገተኛው» የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል፤ በዝግተኛው ክፍል ጸጥታ መካከል ባልታሰበ ሰዓት የሚወርድ ታላቅ ድምፅ አለውና። ዛሬ ስሙ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ሰው ግን እያወቀ ይሰማዋል፤ እያወቀም ይደሰትበታል። ተነግሮ የሚሞት ኪነት ከመጀመሪያውም ብዙ ዕድሜ አልነበረውም። የሚኖረው ኪነት ሲነገር አይቀንስም፤ አድማጩን አዘጋጅቶ ይቀበለዋል እንጂ።

ደግሞም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠው የሚቀር ሰው ድንገተኛውን ውበት አይቀበልም። የሚቀበለው ሕመሙን ነው። ድራሙ ከወረደ በኋላ ማርቲን ምን እንዳለ፣ ጊታሩ ምን እንደመለሰ አይሰማም፤ የሚሰማው የራሱን ጆሮ ነው። ለእርሱ ኪነቱን የገደለው ዝምታችን ነው።

* * *

ስለዚህ ዘፈን ሲነገር እምብዛም የማይጠቀስ አንድ ነገር አለ። ክሪስ ማርቲን ራሱ ቲናይተስ አለበት፤ ይህም ድምፅ ሳይኖር በጆሮ ውስጥ የሚጮኽ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የመስማት ችግር ላለባቸው የቆመ አንድ የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ባካሄደው ዘመቻ ላይ ስለዚህ በግልጽ ተናግሯል፤ ሕመሙ ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ እንደቆየበት፣ ጆሮውን መጠበቅ ከጀመረ ወዲህ ግን እንዳልባሰበት ገልጿል። ቁጥሩን ወደ ኋላ ብንቆጥረው «ፊክስ ዩ» ሲዘፈን ሕመሙ አብሮት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ጩኸት የሠራው ሰው ጩኸት ምን እንደሚያስከፍል የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዘፈኑን አልቀነሰውም፤ ጆሮውን እየጠበቀ ዘፈነው እንጂ።

ቡድኑም በኋላ ይህንኑ ለአድማጮቹ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጀመሩት የዓለም ዙር ጉዞ፣ ከልቸርሲቲ ከተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ ማዳመጫና እጅን የሚያሥራ መጫወቻ የያዘ ቦርሳ ለሚፈልጉት አቅርበዋል፤ ግርግሩ ለከበደው ሰው ገለል ብሎ የሚያርፍበት ቦታም አዘጋጅተዋል። ሙዚቃው አልተዳከመም፤ በሩ ግን ሰፍቷል። ይህን ለማድረግ ሀብት ያሻል የሚል ቢኖር፣ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ዋጋ እንደሌለው ላስታውሰው እወዳለሁ፤ እርሱም አስቀድሞ መናገር ነው። በሚኒባስ ታክሲያችን፣ በካፌያችን፣ በሠርግ አዳራሻችን ያለው ድምፅ ማጉያ ማንንም አይጠይቅም፤ ተሳፋሪውም «ቀንስልኝ» ለማለት ያፍራል። እፍረቱ የእርሱ መሆኑ ያሳዝናል።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። «ፊክስ ዩ» ድንገት የሚመጣ ድምፅ ለሚፈራ ሰው፣ አካሄዱ ከተነገረው፣ ይሆናል። ሃይፐራኩሲስ ላለበት ሰው፣ የድምፁ ልክ ከጸጥታው ሳይሆን ከጩኸቱ ተነሥቶ ከተመረጠ፣ ምርጫውም በእርሱ እጅ ከሆነ፣ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነለትም የኒትልን ቅጂ ይስማ። የድምፅ መደራረብ ለሚከብደው ሰው መካከሉን ባይሰማ እመክራለሁ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ብቻውን ሙሉ ዘፈን አይሆንም፤ ነገር ግን ውብ ቁራጭ ነው። ትናንሽ ድምፅ ለሚያንገበግበው ሰው ዋናውን ቅጂ፣ ከሩቅ፣ በክፍል ውስጥ ድምፅ ማጉያ እንጂ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን። ማይግሬን ለተነሣበት ሰው ዛሬ ምንም፤ ነገ ሁሉንም። ጆሮን ቀኑን ሙሉ በጆሮ መድፈኛ ደፍኖ መዋል ግን ሃይፐራኩሲስ ላለበት ሰው እንኳ የሚመከር አይደለም፤ ሐኪሞች እንደሚሉት ድምፅ የተነፈገ ጆሮ ለድምፅ ይበልጥ ይሳሳል። ከዓለም ድምፅ ጨርሶ መሸሽ መድኃኒት አይሆንም ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚመጣውን እያወቁ፣ በልክ፣ በፈቃድ መስማት ነው።

ስለ ሙዚቃ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ሥራ ከእኛ ውጭ ያለ፣ የሐኪም ወይም የነርስ ሥራ አድርገን ቆጥረነዋል። ዘፈን እንገመግማለን፤ ግጥሙን እንተነትናለን፤ ዜማው ከየት እንደመጣ እንከራከራለን። «በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ድራም ይገባል፤ መጀመሪያ ግን ጊታሩ ያስታውቃል» ብሎ መጻፍ ግን የሚያንስ ሥራ ይመስለናል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ዘፈኑን ከራስ ጆሮ በተለየ ጆሮ መስማት ያስፈልጋል፤ ከራስ በተለየ ጆሮ መስማት ደግሞ የሒስ መጀመሪያው ነው። ያን ዐረፍተ ነገር ያገኘ አንድ አንባቢ፣ ለዓመታት ሲሸሸው የኖረውን ዘፈን ማታ በክፍሉ ውስጥ፣ እጁን በድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው ሊሰማው ይችላል።